የኤርትራ ባሕር መከፈልን በፊዚክስ ስመረምር የተማርኩት

ተአምርን በፊዚክስ እመረምራለሁ ስል ቅር የሚላቸው ወዳጆች አሉኝ። እኔ ግን የገባሁበት ታሪኩን ስለምወደው ነው። የምወደውን ነገር ጠጋ ብዬ ማየት እፈልጋለሁ።

ከሁሉ በፊት ዘፀአት ምዕራፍ 14ን ቀስ ብዬ አነበብኩ። በፊልም ባሕሩ በቅጽበት ሲሰነጠቅ እናያለን። ጽሑፉ ግን ሌሊቱን ሁሉ ከምሥራቅ ብርቱ ነፋስ እንደነፈሰ ይናገራል። ቆይታውም አቅጣጫውም ተነግሯል። ስሌት ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ቀጥሎ ሰፊ ትሪ ላይ ስስ ውኃ አፍስሼ በፀጉር ማድረቂያ ከአንድ ወገን ነፋሁበት። ውኃው ወደ ማዶ ሸሸና የትሪው ወለል ታየ። ያንኑ ነፋስ ሳፋ ሙሉ ውኃ ላይ ሞከርኩት። ላዩ ተንቀጠቀጠ እንጂ ወለሉ ከየት ይምጣ! ነፋስ የሚገፋው የውኃውን ገጽ ነው። ገጹ ዘንበል ሲል ደግሞ የውኃው ክብደት መልሶ ይገፋል። ጥልቀቱ በጨመረ ቁጥር ዝንባሌው ያንሳል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ፣ 2 ሜትር ጥልቀት ባለው ሐይቅ ላይ በየ10 ኪሎ ሜትሩ 1 ሜትር ገደማ የከፍታ ልዩነት ይፈጥራል። ጥልቀቱ 100 ሜትር ከሆነ ልዩነቱ 2 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ስለዚህ እንደ አቃባ ባሕረ ሰላጤ ያለ ጥልቅ ቦታ በነፋስ ብቻ ደረቀ የሚለውን ሐሳብ አልቀበልም።

ካርል ድሩውስ እና ዌይቺንግ ሃን የተባሉ ተመራማሪዎች ስለዚሁ የባሕር መከፈል እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጡት ጥናትም የሚያተኩረው ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ ነው። ቦታው ግብፅ ውስጥ በምሥራቃዊው የናይል ዴልታ (ወንዙ ተከፋፍሎ ወደ ባሕር በሚገባበት ሜዳ)፣ ጥንታዊው የታኒስ ሐይቅ ከወንዝ ጋር የሚገናኝበት መታጠፊያ ነው። በኮምፒውተር ሞዴላቸው በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚነፍስ የምሥራቅ ነፋስ ለ12 ሰዓት ሲቆይ፣ 2 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ውኃ ለሁለት ይከፈላል። 5 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው መሻገሪያ ለ4 ሰዓት ደርቆ ይቆያል። ድሩውስ ራሱ ክርስቲያን ነው። እዚያው አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. በ1882፣ ተሎክ የተባለ የእንግሊዝ መኮንን ነፋስ የመንዛላን ሐይቅ ውኃ ከዳርቻው ርቆ ሲያሸሸው አይቻለሁ ብሎ ጽፏል።

የሚከብደኝ ነገር አለ። ወደ ምሥራቅ የሚሻገር ሕዝብ ያ ነፋስ ፊት ለፊት ይመታዋል። ሕፃን ያዘለች እናት፣ አዛውንት፣ ከብት፣ ሁሉም በዚያ ጨለማ። በግራና በቀኝ እንደ ግድግዳ የቆመ ውኃም ከሞዴሉ አይወጣም፤ የሚወጣው በሁለት ወገን የተኛ ውኃ ነው። እነዚህን ሳልናገር "ሳይንስ አረጋገጠው" ብል ሳይንሱንም እምነቴንም እበድላለሁ። ሞዴሉ የሚያሳየው ሊሆን እንደሚችል ብቻ ነው። ነፋሱን በዚያች ሌሊት ማን እንዳስነሣው የነፋስ ስሌት አይመልስም። እኔ እግዚአብሔር ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህን የምለው ግን ከስሌቱ ተነሥቼ አይደለም።

አሁን የያዝኩት ኢያሱ ምዕራፍ 3ን ነው። የዮርዳኖስ ውኃ አዳም በምትባል ከተማ በኩል ርቆ እንደቆመ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1927 በአካባቢው የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ ነበር፤ ያኔ የወንዙ ዳርቻ ተንዶ ውኃውን እንደገደበውም ይነገራል። የመናዱን ወሬ የሚጠራጠሩ ተመራማሪዎች አሉ። ስለዚህ ወደ ኢያሱ ከመሄዴ በፊት የ1927ቱን የዓይን ምስክር እየፈለግኩ ነው።