አየሩ ከበረዶው ያንሳል

አራት ኪሎ አካባቢ ያለ አንድ ስቱዲዮ ውስጥ የሳይንስ ቪዲዮ ስክሪፕት እጽፋለሁ፣ ያን ሰሞን የደረሰኝ የአንታርክቲካ በረዶ ነበር። ስክሪፕቱ ኤዲተራችን ጋ ሄዶ ሲመለስ "በረዶው ውስጥ የታሰረው አየር ከራሱ ከበረዶው በዕድሜ ያንሳል" የምትለዋ መስመር በቀይ እስክሪብቶ ሁለቴ ተሰርዛ፣ ከላይዋ "እኩያ ነው" ተብሎ ተጽፎባታል።

ይዤው ገባሁ። "ጋሼ፣ ይቺ እኮ ልክ ናት።"

"ስሚ እንጂ" አሉኝ ጣታቸውን መስመሯ ላይ እንዳደረጉ፣ "አየሩ ከስኖው፣ ከለስላሳው በረዶ ጋር አብሮ አይደል የወረደው? እንዴት ብሎ ነው የሚያንሰው?"

"አብሮ ቢወርድም አብሮ አልታሸገም ጋሼ።"

እዛው ቆሜ አስረዳኋቸው። ላይ ላዩ ያለው ስኖው በሜትር ኩብ 300፣ 350 ኪሎ ቢሆን ነው፣ ከግማሽ በላዩ አየር ነው። በየዓመቱ አዲስ ሲጫንበት ልክ መርካቶ እንደተከመረ ሳልባጅ የታችኛው እየታመቀ ይሄዳል፣ መጀመሪያ ቅንጣቶቹ እየተንሸራተቱ ይጠጋጋሉ፣ 550 ኪሎ አካባቢ ሲደርስ መንሸራተቻ ስለሚያጡ እርስ በርስ እየተጣበቁና እያደጉ ነው የሚቀጥሉት፣ ከዛ በኋላ ነገሩ ቀስ ይላል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ግን ቀዳዳዎቹ እንደተያያዙ ናቸው፣ የላይኛው አየር እስከ ታች ይደርሳል። ቀዳዳው ተዘግቶ አየሩ አረፋ ሆኖ የሚቀረው 830 ኪሎ ገደማ ሲደርስ ነው፣ እሱም ከ50 እስከ 100 ሜትር ምናምን ወርዶ። ስኖው በብዛት በሚወርድበት፣ ሎው ዶም በሚባለው የአንታርክቲካ ቦታ ይሄ ጥቂት አሥርት ዓመታት ነው የሚፈጀው፣ ቮስቶክን በመሰለ ደረቅና ብርዳም ቦታ ግን 3,000 ዓመት ገደማ።

ጨርሰው ሰሙኝ፣ ይሄን አልክድም። ከዛ "እሺ፣ ማን ልብ ይለዋል?" አሉ።

እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይቺ ነች። አልገባኝም ቢሉ ደግሜ አስረዳ ነበር። የድሮው ሙቀት የሚታወቀው ከበረዶው ነው፣ የድሮው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ከአረፋው፣ ዶም ሲ የሚባለው የአንታርክቲካ ቦታ ላይ እስከ 800,000 ዓመት ወደኋላ የተነበበው እንደዛ ነው። ሁለቱን እኩያ ካደረግናቸው ሙቀቱ ነው የቀደመው ወይስ ጋዙ የሚለው ጥያቄ በሺህ ዓመታት ይዛባል፣ የአየር ንብረት ክርክር ሁሉ የሚነሳው ደግሞ እዛው ላይ ነው! ይሄን የሚያየው ተማሪ ነው፣ ተማሪ ያመነውን ይዞ ፈተና ይገባል።

ቪዲዮው በሳቸው ቃል ተቀረጸ። አኒሜሽን የሚሠራው ልጅ ግን የኔን የመጀመሪያ ስክሪፕት ይዞ ነበርና ትንንሾቹ ሰማያዊ ነጠብጣቦች ከላይ እየገቡ በንብርብሮቹ መሀል ወደታች ሲወርዱ፣ ታች ሲደርሱ ደግሞ ሲታሰሩ በደንብ ይታያል፣ ድምፁ በዛው ሰከንድ "እኩያ ነው" ይላል።

አሁን ስክሪፕት ሳስገባ ሊያከራክር በሚችል መስመር ሥር ሥዕል አብሬ አደርጋለሁ፣ ሥዕል ሲያዩ ቶሎ ይስማማሉ። ያቺን መስመር ግን እንድናስተካክል ደጋግሜ ጠይቄያለሁ። ድምፅ የምትሰጠው ልጅ መጥታ ላንብባት ብላለች፣ እሺ ያላሉት እሳቸው ናቸው።