ጠጋ ጠጋ በሉ

ሰሞኑን አንድ የኔትወርክ ድራይቨር (የኔትወርክ ካርዱን የሚያንቀሳቅስ ፕሮግራም) ውስጥ ያለች ስትራክት፣ ማለትም የተለያዩ ዳታዎች ሜሞሪ ላይ ጎን ለጎን የሚቀመጡባት ጥቅል፣ ሳጸዳ ነበር። ስምንት ፊልድ (የዳታ ክፍል) ብቻ ናት። ግን ለእያንዳንዱ ኮኔክሽን አንድ ስለምትፈጠር ብዛቷ ቀላል አይደለም።

መጀመሪያ ፓሆልን አስኬድኩ። ብራዚላዊው የሊነክስ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ባለሙያ አርናልዶ ካርቫሎ ዴ ሜሎ የጻፈው መሣሪያ ነው። የትኛው ፊልድ የት እንደተቀመጠ፣ መሃል ላይ ስንት ባይት ክፍት እንደቀረ ቁጭ አድርጎ ያሳያል። የእኔዋ 72 ባይት ሆና 21ዱ ባዶ ነው!

በ64 ቢት ማሽን ላይ ፖይንተር (የሌላ ዳታ አድራሻ የሚይዝ ፊልድ) የሚቀመጠው ለ8 በሚካፈል አድራሻ ነው። ከፊቱ ባለ አንድ ባይት ፊልድ ካለ 7 ባይት ባዶውን ይቀራል። የሲ ኮምፓይለር (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው) ደግሞ ቅደም ተከተሉን በራሱ መቀየር አይችልም። እንደ ሚኒባስ ረዳት «ጠጋ ጠጋ በሉ» የሚለው ፕሮግራመሩ ነው። ትልልቆቹን ከላይ፣ ትንንሾቹን ከታች አደረግኩና 56 ባይት ሆነች።

16 ባይት ምን ታመጣለች? ይህች ስትራክት የምትመደበው በ64 ባይት ካሽ ላይን (ሲፒዩ ከሜሞሪ በአንድ ጊዜ የሚያነሳው ቁራጭ) ልክ ተሰልፋ ነው። 72 ስትሆን እስከ 128 ትይዛለች፤ 56 ስትሆን 64 ይበቃታል። በአንድ የ4096 ባይት የሜሞሪ ገጽ 32 ብቻ ይገባ የነበረው አሁን 64 ይገባል። በጣም ደስ አለኝ።

ፍጥነቱን ስለካው ግን ወርዷል። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ለካ ሁሉም ሲፒዩ በየፓኬቱ (በኔትወርክ በሚያልፈው በእያንዳንዱ የዳታ ጥቅል) የሚጨምረው ቆጣሪ ድሮ መጨረሻ ላይ፣ በሁለተኛው ካሽ ላይን ብቻውን ነበር የተቀመጠው። እኔ አምጥቼ ከአንድ ፖይንተር ጎን ወሸቅኩት። ፖይንተሩን ሁሉም ያነበዋል እንጂ ማንም አይቀይረውም። ሆኖም አንዱ ሲፒዩ ቆጣሪውን በነካ ቁጥር ያ ካሽ ላይን በሙሉ ከሌሎቹ እጅ ይወጣል፤ ፖይንተሩም አብሮ። እንደገና እስኪያመጡት ይጠብቃሉ። ቀዳዳውን ስቆጥር ማን ከማን ጋር እንደተቀመጠ አላየሁም።

ቆጣሪውን ለየሲፒዩው ለየብቻ አደረግኩት። በቦታው ወደ እሱ የሚጠቁም ፖይንተር ገባ፤ መጠኑ ያው 56። ፍጥነቱም ተመለሰ።

በ2024 በወጣው ሊነክስ 6.8 የኔትወርኩ ዋና ዋና ስትራክቶችም በዚህ ዓይን ታይተው ነው እንደገና የተደረደሩት፤ አብረው የሚነበቡት አብረው ተቀመጡ። ድርድሩን ሳያውቅ የሚያፈርስ ሰው ቢመጣ ኮምፓይል ሲያደርግ የሚያስቆም ፍተሻም አለው። እኔም ለዚህችው ስትራክት ተመሳሳይ ፍተሻ ጽፌ፣ የፓሆልን የበፊትና የአሁን ውጤት ለጥፌ ትናንት ማታ ፓቹን (የኮድ ማሻሻያውን) ላክሁ።