ካልሲየም ሲቀንስ የፍሎራይድ ጣሪያ ከፍ ይላል፦ በሊን ያረጋገጥኩት የመጀመሪያ የኬሚስትሪ ቲዎረም

ደስታዬን ለማካፈል ነው የምጽፈው። ሊን በተባለው የሒሳብ ማረጋገጫ ፕሮግራም የጻፍኩት፣ የእኛን የአዳማን የከርሰ ምድር ውሃ የሚመለከት አጭር ቲዎረም በዚህ ሳምንት ያለ ምንም ቀዳዳ አለፈ። ጽሑፉ አንድ ገጽ አይሞላም። ነገር ግን ሥነ ምድርም፣ ኬሚስትሪም፣ ሥነ አመክንዮም በውስጡ አሉ። ሦስቱን ለየብቻ ሳነብ ብቆይም አንዱ ሌላውን ሲያርም ያየሁት ገና አሁን ነው።

መጀመሪያውን ባጭሩ ልለፈው። በ2017 ዓ.ም. የፈንታሌና የዶፈን አካባቢ መንቀጥቀጥ እዚህ አዳማ ድረስ ሲሰማ፣ እንደ ብዙዎቻችሁ እኔም ስለ ስምጥ ሸለቆው ማንበብ ጀመርኩ። ማግማ በስንጥቅ ውስጥ ሲገባ መሬቱ ወደ ጎን እንደሚከፈት፣ የራዳር ሳተላይቶችም ያንን እንቅስቃሴ በሴንቲ ሜትር ደረጃ እንደሚለኩት ተማርኩ። ከእሳተ ገሞራ ወደ ድንጋይ፣ ከድንጋይ ወደ ውሃ ተሻገርኩ። ሊንን የለመድኩት ደግሞ የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ፕሮፌሰር ኬቨን ባዛርድ ከባልደረባቸው ጋር ባዘጋጁት የተፈጥሮ ቁጥሮች ጨዋታ ነው። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ በር አላየሁም። ሁለት ሲደመር ሁለት አራት መሆኑን እንኳ ከመሠረቱ ተነስታችሁ ታረጋግጣላችሁ።

ሊን ምን እንደሆነ ለማታውቁ፦ ሊዮናርዶ ዴ ሞራ እ.ኤ.አ. በ2013 በማይክሮሶፍት ሪሰርች የጀመሩት ፕሮግራም ነው። የጻፋችሁትን ማረጋገጫ እርምጃ በእርምጃ ይመረምራል፤ አንዲት እርምጃ ብትጎድል አያሳልፍም። ታላቁ የሒሳብ ሊቅ ፒተር ሾልዘ በአንድ ረቂቅ ማረጋገጫቸው ሙሉ እርግጠኛ ባለመሆናቸው በዲሴምበር 2020 ጉዳዩን ለሊን ተጠቃሚዎች እንደ ፈተና ሰጧቸው። በጁላይ 2022 ማረጋገጫው ትክክል መሆኑ ተረጋግጦ ተጠናቀቀ። እኔን ግን ከሁሉ በላይ የቀሰቀሰኝ ሌላ ሥራ ነው። በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ባልቲሞር ካውንቲ ታይለር ጆሴፍሰንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2024 ባሳተሙት ጥናት ሊንን ወደ ኬሚስትሪ አምጥተው፣ ጋዝ በጠጣር ነገር ገጽ ላይ እንዴት እንደሚያዝ የሚገልጹ እኩልታዎችን ከነታሳቢዎቻቸው አረጋገጡ። ይህን ሳነብ «እኔስ ለምን የራሴን ውሃ አላረጋግጥም?» አልኩ።

አዳማና ወንጂ አካባቢ ላደገ ሰው ፍሎራይድ በበዛበት ውሃ የበለዘ ጥርስ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ከተማችን ዛሬ በዋናነት ከአዋሽ ወንዝ የሚጣራ ውሃ ትጠቀማለች። በስምጥ ሸለቆው ያሉ ብዙ የገጠር ቀበሌዎች ግን አሁንም ከጥልቅ ጉድጓድ ይቀዳሉ። ነገሩ ከድንጋዩ ይጀምራል። የሸለቆው ወለል በአብዛኛው ሲሊካ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይና አመድ ነው፤ ራዮላይት፣ ፑሚስ፣ ባልጩት። በውስጡ ያለው የእሳተ ገሞራ መስታወት ፍሎራይድ ይዟል። ከጥልቀት የሚወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተቀላቀለበት ውሃ መስታወቱን ሲያሟሟው ሶዲየምና ባይካርቦኔት እየበዙ ይሄዳሉ። ካልሲየሙ ከፊሉ ካልሳይት ሆኖ ይዘቅጣል፤ ከፊሉ በሸክላ ማዕድናት ላይ ከሶዲየም ጋር ቦታ ይለዋወጣል። ካልሲየም ከጠፋ ደግሞ ፍሎራይድን አስሮ ፍሎራይት በተባለው ማዕድን መልክ የሚያዘቅጠው የለም። በደጋው ባዛልት ውስጥ የሚያልፈው ውሃ በአንጻሩ ካልሲየምና ማግኒዥየም የበዛበት፣ ፍሎራይዱም ያነሰ ነው።

ቁጥሩ ቀላል ነው። በፍሎራይት የጠገበ፣ ማለትም ከዚያ በላይ ፍሎራይት ሊሟሟበት የማይችል ውሃ ውስጥ የካልሲየሙ መጠን በፍሎራይዱ ካሬ ሲባዛ (ሁለቱም በሞል በሊትር ሲለኩ) ቋሚ ቁጥር ይሰጣል፤ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ 3.45 × 10⁻¹¹ ገደማ ነው። አዮኖቹ እርስ በርስ የሚያሳድሩትን ተጽዕኖ ለጊዜው እንተወውና እናስላ። በሊትር 40 ሚሊ ግራም ካልሲየም ያለው ውሃ እስከ 3.5 ሚሊ ግራም ፍሎራይድ ይሸከማል። ካልሲየሙ ወደ 4 ሚሊ ግራም ቢወርድ ጣሪያው ወደ 11 ሚሊ ግራም ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ፍሎራይት ብቻውን ውሃውን ከዚያ በታች እንዲያቆየው ቢፈለግ በሊትር 220 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም ያስፈልግ ነበር። ይህ የመጨረሻው ቁጥር እጅግ አስደንግጦኛል፤ ማዕድኑ ራሱ ያድነናል ብሎ መጠበቅ ከንቱ መሆኑን ይናገራልና።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ ልግባ። ላረጋግጥ የፈለግኩት ይህን ነበር፦ ሁለት በፍሎራይት የጠገቡ ውሃዎች አሉ፤ ካልሲየሙ ያነሰው ፍሎራይዱ የበዛ ነው። በወረቀት ላይ አንድ መስመር ነው፤ ካሬ ሥር ማውጣት ብቻ። ሊን ውስጥ ግን ምሽቶቼን በላ።

መጀመሪያ ስሞቹን ሰየምኩ። ሊን የእኛን ፊደል ለስም በቀጥታ አይቀበልም፤ በ« » መካከል ከገባ ግን ያለ ቅሬታ ይቀበላል። እነዚህ ምልክቶች በአማርኛ ጥቅስ የምንጽፍባቸው ስለሆኑ ፋይሉ እንደ ውይይት የሚነበብ ሆነ፦ «ካ1»፣ «ካ2»፣ «ፍ1»፣ «ፍ2»፣ «ቋሚ»። ካ የየውሃው ካልሲየም፣ ፍ ደግሞ ፍሎራይዱ ነው። የእንግሊዝኛ ፊደል ይበቃል የምትሉ ትኖራላችሁ፤ አልስማማም። በራሴ ፊደል ስጽፍ የማስበው ስለ ውሃው ነው።

ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን ጻፍኩ። ቋሚው ከዜሮ ይበልጣል፤ ካ1 ከካ2 ያንሳል፤ ካ1 በፍ1 ካሬ ሲባዛ ቋሚውን ይሰጣል፤ ካ2 በፍ2 ካሬ ሲባዛም እንዲሁ። ስለዚህ ፍ2 ከፍ1 ያንሳል። ሊን አላለፈውም፤ ልክም ነበር። ካ1 አንድ፣ ካ2 አራት፣ ቋሚው አራት ይሁን። ፍ1 ኔጌቲቭ ሁለት፣ ፍ2 አንድ ቢሆኑ ሁለቱም እኩልታዎች ይሠራሉ፤ ፍ2 ግን ከፍ1 ይበልጣል። ማንም ኬሚስት በውሃ ውስጥ ኔጌቲቭ ሁለት ፍሎራይድ አለ አይልም። ፕሮግራሙ ግን ውሃ አያውቅም፤ የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው። እኛ «ይታወቃል» ብለን የምናልፈውን ሁሉ መናገር ግድ ይላል።

ስለዚህ ሁሉንም ዘረዘርኩ፦ ካ1 ከዜሮ ይበልጣል፣ ካ2 ከዜሮ ይበልጣል፣ ፍ1 ከዜሮ አያንስም፣ ፍ2 ከዜሮ አያንስም። ዓረፍተ ነገሩ እውነት ሆነ፤ ማረጋገጫው ግን እምቢ አለ። ኤንሊንአሪዝ የሚባል ትእዛዝ አለ፤ የተሰጡትን አለመመጣጠኖች እርስ በርስ እያባዛ ቅራኔ ይፈልጋል። ብዙዎች በዚያ ይመካሉ። እኔ ጋ ግን እየደጋገመ ወደቀ። የሚያስፈልገው ብዜት ሦስተኛ ዲግሪ ስለነበር በራሱ ፈልጎ አላገኘውም። ፍንጭ እየጨመርኩ፣ ቅደም ተከተል እየቀያየርኩ ቆየሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ አንድ ቀን ያለፈው ፋይል በማግሥቱ ትንሽ ስነካው ይፈርሳል።

መፍትሔው ኮምፒውተሩን ዘግቶ እስክሪብቶ መያዝ ነበር። ተቃራኒውን እናስብ፤ ፍ1 ከፍ2 አይበልጥም እንበል። አንደኛ፣ ፍ1 ከዜሮ ስለማያንስ የፍ1 ካሬ ከፍ2 ካሬ አይበልጥም። ሁለተኛ፣ ቋሚው ዜሮ ስላልሆነ የፍ1 ካሬ ከዜሮ ይበልጣል። ሦስተኛ፣ ካ1 ከካ2 ስለሚያንስ ካ1 በፍ1 ካሬ ከካ2 በፍ1 ካሬ ያንሳል። አራተኛ፣ ካ2 በፍ1 ካሬ ከካ2 በፍ2 ካሬ አይበልጥም። ሰንሰለቱ ሲገጣጠም ቋሚው ከራሱ ያንሳል ይላል፤ ይህ ደግሞ አይሆንም። እያንዳንዱን እርምጃ ሀቭ በሚባለው ትእዛዝ ለየብቻ ጻፍኩ። ሁሉም በአጭር በአጭሩ አለፉ፤ የቀረ ግብ እንደሌለ የሚገልጸው መልእክት መጣ።

የሚገርመው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሊን ያልተጠቀማችሁበትን ታሳቢ ያስጠነቅቃል። ፍ2 ከዜሮ አያንስም የሚለው ሥር ማስጠንቀቂያ አየሁ። ሳስበው ልክ ነው፤ ፍ2 ኔጌቲቭ ቢሆን ከፍ1 ማነሱ ያን ጊዜም አይቀርም። ከዚያ ሌሎቹንም አንድ በአንድ ማንሳት ጀመርኩ። ካ2 ከዜሮ መብለጡ ከካ1 ይገኛል፤ ወጣ። ካ1 ከዜሮ መብለጡስ? እሱም ወጣ! ካሬ ኔጌቲቭ አይሆንም፤ ቋሚው ደግሞ ከዜሮ ይበልጣል፤ ስለዚህ የእኩልታው ሌላ አባዢ የሆነው ካልሲየም በግድ ከዜሮ በላይ ነው። ከእኩልታዎቹ ሌላ ሦስት ታሳቢዎች ብቻ ቀሩ፦ ቋሚው ከዜሮ ይበልጣል፣ ካ1 ከካ2 ያንሳል፣ ፍ1 ከዜሮ አያንስም። ይህን የትኛውም የኬሚስትሪ መማሪያዬ አላስተማረኝም። አንድ ሕግ በምን ላይ እንደቆመ፣ ምን ቢነሳ እንደማይናጋ ጣት ጠቁሞ ማሳየት ትልቅ ዕውቀት ነው።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምከራከርበት ነገር አለ። «ካልሲየም የሌለው ለስላሳ ውሃ ፍሎራይድ አለበት» የሚል አባባል በሰፊው ይሰማል። ቲዎረሙ እንዲህ አይልም። የሚናገረው ስለ ጠገበ ውሃ፣ ማለትም ስለ ጣሪያው ነው። የዝናብ ውሃ ካልሲየሙ እጅግ ጥቂት ነው፤ ፍሎራይዱም እንዲሁ። ጣሪያ ከፍ ማለቱ ቤቱ ሞላ ማለት አይደለም፤ የሚሞላው ከድንጋዩ ጋር የቆየው፣ መስታወቱን ያሟሟው ውሃ ነው። ሥነ አመክንዮ «ሊሆን ይችላል»ን ከ«ይሆናል» ለይቶ ካስቀመጠው በኋላ ክፍተቱን የሚሞላው ሥነ ምድር ነው። የጉድጓድ ቦታ የሚመርጥ ሰው ሁለቱን ቢያደባልቅ ንጹሑን የዝናብ ማጠራቀሚያ ጠርጥሮ ውሃው ከአመድ ሥር የሚወጣውን ጉድጓድ ሊያምን ይችላል።

ስለ አሠራር የምመክረው ጥቂት ነው። ማትሊብ የተባለውን የቲዎረም ክምችት ኮምፒውተር ላይ መጫን ብዙ ጊጋባይት ይጠይቃል፤ በሞባይል ዳታ ከሆነ አትሞክሩት። በኢንተርኔት ማሰሻ ውስጥ የሚሠራው የሊን ገጽ ለጀማሪ ይበቃል። መብራት እንደሚጠፋም አትርሱ፤ ማረጋገጫው ወረቀት ላይ ካለ የጠፋው መብራት ብቻ ነው።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ማረጋገጫውን ይጻፍልኝ የሚለውን መንገድ ለመማር ጊዜ አልደግፈውም። ችሎታው የለም ማለቴ አይደለም፤ የጉግል ዲፕማይንድ አልፋፕሩፍ እ.ኤ.አ. በ2024 ሊንን ተጠቅሞ፣ ከሌላ ረዳት ፕሮግራም ጋር፣ በዓለም አቀፍ የሒሳብ ኦሊምፒያድ ጥያቄዎች ላይ የብር ሜዳሊያ ደረጃ ደርሷል። ነገር ግን ሊን የሚመረምረው ማረጋገጫውን ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ እኛ ያሰብነውን መናገሩን አይመረምርም። ያ የእኛ ኃላፊነት ነው። ታሳቢ በገዛ እጁ አንሥቶ ያላየ ሰው ያንን ኃላፊነት እንዴት እንደሚወጣ አይገባኝም። በሌላ በኩል ሊን የቆመበትን የታይፕ ንድፈ ሐሳብ እኔ ራሴ ገና በወጉ አላነበብኩም። ያለ እሱም እዚህ ደርሻለሁና ቅድሚያ ስጡት ብዬ አልመክርም።

አሁን የያዝኩት ኬሚስቱ ላንግሚዩር እ.ኤ.አ. በ1918 ያሳተሙትን፣ በጠጣር ነገር ገጽ ላይ ምን ያህል እንደሚያዝ የሚገልጸውን እኩልታ ነው፤ ፍሎራይድን ከውሃ ለመያዝ የሚያገለግለውን የአጥንት ከሰል ለመለካት ብዙዎች ይጠቀሙበታል። ሊን ውስጥ ማንኛውም ቁጥር ለዜሮ ሲካፈል ዜሮ ይሰጣል ተብሎ ተደንግጓል፤ ስለዚህ የማካፈል ምልክት ባለበት ሁሉ መንቃት ያስፈልጋል። ተማሪዎች ቀጥታ መስመር ለመሳል የሚጠቀሙበት ቅርጽ፣ ማለትም የፍሎራይዱን መጠን ከሰሉ በያዘው መጠን የሚያካፍለው፣ ፍሎራይዱ ዜሮ ሲሆን አይሠራም፤ ግራው ዜሮ ሲሆን ቀኙ አይሆንም። «ፍሎራይዱ ዜሮ አይደለም» የሚለውን ታሳቢ ስጨምር ግማሹ አለፈ፤ የቀረው ግማሽ ላይ ሶሪ የሚለውን፣ ማረጋገጫው ገና እንደጎደለ የሚያመለክተውን የሊን ቃል ጽፌ ክፍት ትቼዋለሁ። ከእናንተ መካከል ከአንድ ጉድጓድ በአንድ ጊዜ የተለካ ካልሲየም፣ ፍሎራይድ፣ የአሲድነት መጠንና ሙቀት ያለው ብታካፍሉኝ ጣሪያው ላይ የደረሰውን ከጣሪያው በታች ካለው ለይቼ ውጤቱን እልክላችኋለሁ።