የአባባ ሜትር

የአባታችን አርባ ከወጣ በኋላ ከእህት ወንድሞቼ ጋር የሱቁን ዕቃ ስንቆጥር፣ ከባንኮኒው ሥር የእንጨት ሜትራቸውን አገኘሁት። አውራ ጣታቸው ያርፍበት የነበረው ቦታ በብዛት ከመያዙ የተነሣ ሰርጎድ ብሏል። ሱቃችን ስኳር፣ ሳሙና፣ ሻማና ላምባ እንጂ ጨርቅ ሸጦ ስለማያውቅ፣ ሜትሩ ከየት እንደመጣ የሚያውቁት ጥቂት ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው።

አባባ ባለሱቅ ከመሆናቸው በፊት፣ በ1950ዎቹ ፒያሳ ውስጥ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ መደብር ተቀጣሪ ሻጭ ነበሩ። የጎንደር ፒያሳ ጣሊያን ከተማዋን ይዞ በነበረበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት የተቆረቆረ የንግድ ሰፈር ነው፤ የገጠሩ ሰው ግን ለአንድ ጋቢና ለአንድ ሱሪ ብሎ ሁልጊዜ እዚያ ድረስ ስለማይመጣ፣ አባባ የአቡጀዲና የካኪ ጣቃ በጭነት መኪና አስጭነው ወደ ቆላ ድባ፣ ወደ አይከል፣ ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ ገበያዎች ይወጡ ነበር።

አሠሪያቸው ጨርቁን ሜትሩ ላይ ወጥረው እንዲለኩ ያዝዟቸው ነበር። ተወጥሮ የተለካ አቡጀዲ ሲለቀቅ ይሰበሰባል፤ በየሜትሩ ሁለት ጣት ያህል ለመደብሩ ስለሚተርፍ፣ ዐሥር ሜትር የገዛች ሴት ቤቷ ገብታ ብትለካው ወደ አንድ ክንድ የሚጠጋ ጎድሎ ታገኘዋለች። አባባ ግን ጨርቁን አሳርፈው፣ በመዳፋቸው ደልድለው፣ ከሜትሩ ጫፍ አንድ ጣት አሳልፈው ይቀዱ ነበር። በዚህ ሰበብ ከሥራ ሲሰናበቱ እናታችን የመጀመሪያ ልጃቸውን ፀንሰው ነበር። ሜትሩ በገዛ ገንዘባቸው የተገዛ ስለነበር ይዘውት ወጡ።

በ1964 ዓ.ም. ቅዳሜ ገበያ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይተው ሱቅ ከፈቱ። መነሻ ገንዘባቸው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ ዋናው ሀብታቸው፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ በየገበያው ያፈሯቸው ደንበኞች ነበሩ። የደንቢያ ሴቶች ፒያሳ ሄደው ሲያጧቸው «የአቡጀዲው ልጅ ወዴት ሄደ?» እያሉ ጠይቀው ጠይቀው ደረሱባቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ነጭ ሽንኩርታቸውንና በርበሬያቸውን ሱቃችን በአደራ አስቀምጠው ገበያቸውን ይውላሉ፤ ሲመለሱም ጨውና ላምባቸውን ከእኛው ይሸምታሉ።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ ክፍሏ የቀበሌ ቤት ሆነች። ስኳር በቀበሌ ሱቅ በራሽን በሚታደልባቸው ዓመታት መደርደሪያችን ባዶውን የሚውልበት ጊዜ ነበር፤ እናታችን በክብሪት፣ በመርፌና በክር ሱቁን ክፍት አድርገው አቆዩት። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ እናቴን እንደ መበደል እቆጥረዋለሁ።

እኔ የማስታውሳቸው ከዚያ ወዲህ፣ ሚዛኑ ፊት ቆመው ነው። የስኳሩ ሳህን ወደ ታች ዘንበል ሳይል እጃቸውን አይሰበስቡም ነበር። አንድ ቀን «አባባ፣ ምራቂው በዛ እኮ» ብላቸው፣ ከሳህኑ ላይ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ «ምራቂ አይደለም ልጄ፤ ልኩ ይህ ነው» አሉኝ። ያን ጊዜ ትርፍ የማያውቁ ሰው አድርጌ በልቤ ታዝቤያቸው ነበር፤ ዛሬ ያ ሐሳቤ ይጸጽተኛል።

በእኛ በልጆቻቸው ላይ ግን ጥብቅ ነበሩ። ከሱቁ ከረሜላ ያነሣ ልጅ እንደማንኛውም ደንበኛ ዱቤ ደብተሩ ላይ ይሰፍራል፤ እኔም ለእንቁጣጣሽ አበባዬሆሽ ብዬ ካገኘኋት ሳንቲም ላይ ዕዳዬን እከፍል ነበር። ሲከፈል አባባ መሥመሩን በቀይ እስክሪብቶ ይሰርዙታል።

ደብተሮቹን ከሜትሩ ጎን በላስቲክ ተጠቅልለው አገኘናቸው። በአንደኛው የመጨረሻ ገጽ ላይ፣ በአባባ ቁም ጽሕፈት፣ የእኔ ስም አለ፤ ከስሙ ሥር «ከረሜላ 2፣ ሳንቲም 10» ይላል። ቀይ መሥመር አልተሰመረበትም።