ሦስት ሌሊት በለንደን፦ ፓውንዱ በየት በየት እንደሚያልቅ

ለአጭር ጉብኝት ወደ ለንደን የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የአውሮፕላኑንና የሆቴሉን ዋጋ አስልቶ ሌላውን «እዚያ ስንደርስ እናየዋለን» ይላል። ገንዘቡ የሚያልቀው ግን «እናየዋለን» በተባለው በኩል ነው። ስለዚህ ሒሳቡን ከቤታችሁ በር ጀምራችሁ እስክትመለሱ ድረስ፣ በፓውንድ፣ ቀን በቀን ሥሩት። እዚህ የምጠቅሳቸው ዋጋዎች እ.ኤ.አ. የ2025 ናቸው፤ የትራንስፖርት ታሪፍ በየዓመቱ ማርች ላይ ስለሚከለስ ከመነሳታችሁ በፊት አዲሱን እዩ።

መጀመሪያ ፓስፖርቱ። የአሜሪካ፣ የካናዳ፣ የእስራኤል ወይም፣ ከአየርላንድ በስተቀር፣ የአውሮፓ ኅብረት አገር ፓስፖርት ያለው ሰው ቪዛ ባያስፈልገውም ኢቲኤ የሚባለውን የጉዞ ፈቃድ አስቀድሞ ማውጣት አለበት። 16 ፓውንድ ነው፤ ለሁለት ዓመት ያገለግላል፤ ሕፃንም ቢሆን የራሱን ይከፍላል። የመንግሥቱን ድረ ገጽ የሚመስሉና በላዩ ላይ የራሳቸውን ክፍያ የሚጨምሩ ገጾች ስላሉ አድራሻውን አጥርታችሁ አንብቡ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ግን፣ ጀርመንም ይኑር ዱባይ፣ የጎብኚ ቪዛ ያስፈልገዋል። የሼንገን የመኖሪያ ፈቃድ ብሪታንያ አያስገባም። ቪዛው 127 ፓውንድ ነው፤ ቢከለከልም ገንዘቡ አይመለስም። ስለዚህ ቪዛው እጃችሁ ሳይገባ የማይመለስ ትኬትም ሆነ ሆቴል አትግዙ። አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወር ስለሚያገለግል፣ የዘመድ ሠርግ ወይም ሌላ ጉዳይ ካለ ሁለቱን ጉዞ በአንዱ ቪዛ ውስጥ ማስገባት ይቻላል።

ትልቁ ወጪ አልጋው ነው፤ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። «መሀል ከተማ ካደርን ትራንስፖርት እንቆጥባለን» የሚለው ስሌት ለንደን ላይ አይሠራም። ከተማዋ በዞን የተከፈለች ናት፦ ዞን 1 መሀሉ ነው፣ ቁጥሩ እየጨመረ ወደ ዳር ይሄዳል። በባቡርና በአውቶቡስ የቱንም ያህል ብትመላለሱ በቀን የሚቆረጥባችሁ ገንዘብ ጣሪያ አለው። በዞን 1 እና 2 ውስጥ ጣሪያው 8.90 ፓውንድ ነው፣ እስከ ዞን 3 10.50፣ እስከ ዞን 4 12.80። ማለትም ዞን 3 ውስጥ ያደረ ሰው ዞን 2 ካደረው የሚበልጥበት በቀን 1.60 ፓውንድ ብቻ ነው፤ ለሁለት ሰው 3.20። ዞን 3 ያለው ክፍል በሌሊት 30 ፓውንድ ከረከሰ፣ ከዚህ ላይ 3.20 ቀንሳችሁ ቀሪው ትርፍ ነው። ልዩነቱ 10 ፓውንድ ብቻ ከሆነ ግን መሀሉን ያዙ፤ በየቀኑ በባቡር የሚጠፋው አንድ ሰዓት ለሦስት ቀን ጉብኝት ብዙ ነው።

ሰፈር ስትመርጡ ከዞኑ ይበልጥ ባቡር ጣቢያው በእግር ስንት ደቂቃ እንደሆነ እዩ። ከአሥር ደቂቃ በላይ ከሆነ ማታ ደክሟችሁ ታክሲ መጥራታችሁ አይቀርም። ሌላው ብዙ ሰው ያላስተዋለው ነገር፣ ሲቲ የሚባለው የባንኮቹ ሰፈርና ካናሪ ዎርፍ በሥራ ቀን ውድ ሆነው ቅዳሜና እሑድ ሠራተኛው ሲወጣ ይረክሳሉ። ያለ ቅጣት የሚሰረዝ ክፍል ቀደም ብላችሁ ያዙ፣ ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ ዋጋውን ተመልከቱ፤ ከወረደ አዲሱን ይዛችሁ የድሮውን ሰርዙት። ከወራቱ ጥርና የካቲት ላይ ሆቴል ይረክሳል፤ በጥር ግን ከቀትር በኋላ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ እንደሚጨልም ዕወቁ።

ከሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ከተማ ሦስት ባቡሮች አሉ፣ ዋጋቸው ግን አይገናኝም። ሂትሮው ኤክስፕረስ በዕለቱ ሲገዛ 25 ፓውንድና ከዚያ በላይ ነው፣ ኤሊዛቤት ላይን 13.90፣ ፒካዲሊ ላይን 5.80። ፒካዲሊ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ለሁለት ሰው ደርሶ መልስ ሲታሰብ በእሱና በኤሊዛቤት ላይን መካከል 32.40 ፓውንድ ልዩነት አለ። ሆቴላችሁ ሀመርስሚዝ ወይም ደቡብ ኢሊንግ አካባቢ ቢሆን ደግሞ ባቡሩ ዞን 1 ስለማይገባ ከ5.80ም ያንሳል። ርካሽ የተባለው በረራ ስታንስቴድ ወይም ሉተን የሚያርፍ ከሆነ የባቡሩን ዋጋ ትኬቱ ላይ ደምራችሁ አወዳድሩ። ጋትዊክ ካረፋችሁ ጋትዊክ ኤክስፕረስን ትታችሁ ቴምዝሊንክ የሚባለውን ባቡር ያዙ።

አሁን ቢጫዋ ክብ መንኪያ፣ ማለትም ጣቢያው በርና አውቶቡሱ ላይ ለክፍያ ካርድ የሚነካበት ማሽን። ጣሪያው የሚሠራው ቀኑን ሙሉ በአንድ ካርድ ስትነኩ ብቻ ነው። ኦይስተር የሚባለውን የለንደን የትራንስፖርት ካርድ መግዛት ግዴታ አይደለም፤ ራሱ 10 ፓውንድ ያስወጣል፣ አይመለስምም። ንክኪ የሚቀበል የባንክ ካርዳችሁ ያንኑ ታሪፍ ይቆርጣል። ግን ስልካችሁ ላይ የጫናችሁት ካርድና ኪሳችሁ ያለው ፕላስቲክ፣ ሒሳቡ አንድ ቢሆንም፣ ለመንኪያው ሁለት የተለያዩ ካርዶች ናቸው። ስትገቡ በስልክ፣ ስትወጡ በፕላስቲክ ከነካችሁ ሲስተሙ ያልተጠናቀቁ ሁለት ጉዞዎች ያያል፤ ሁለቱንም በከፍተኛው ዋጋ ይቆርጣል። የስልኩ ባትሪ መንገድ ላይ ካለቀም ውጤቱ ያው ነው። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ካርድ ይያዝ፤ ባልና ሚስት በአንድ ካርድ ተከታትለው መግባት አይችሉም። ከ11 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከአዋቂ ጋር በነፃ ይሄዳሉ። ከ11 እስከ 15 ለሆኑት ጣቢያው ላይ ሠራተኛ ጠይቁ፤ ኦይስተር ላይ የወጣት ጎብኚ ቅናሽ ጭነው በግማሽ ዋጋ ያስኬዷቸዋል።

አውቶቡስ 1.75 ፓውንድ ነው፤ ከመጀመሪያው ንክኪ በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ የቱንም ያህል አውቶቡስ ብትቀይሩ ሌላ አይቆረጥም። ጥሬ ገንዘብ አይቀበልም። 15 ቁጥር ከትራፋልጋር አደባባይ አጠገብ ተነስቶ በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል በኩል ታወር ኦፍ ለንደን ያደርሳል፤ ፎቁ ላይ ፊት ለፊት ከተቀመጣችሁ ለአስጎብኚ አውቶቡስ 30 ፓውንድ የምትከፍሉበት ምክንያት አይታየኝም። ከሌስተር ስኩዌር ኮቨንት ጋርደን ለመድረስ ደግሞ ባቡር ውስጥ አትግቡ። በሁለቱ መካከል ሦስት መቶ ሜትር እንኳ የለም፤ ደረጃውን ስትወርዱና ስትወጡ የምታጠፉት ጊዜ ከእግር መንገዱ ይረዝማል፣ 3 ፓውንድ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ሒሳብም ይቆረጥባችኋል።

ምግብ ላይ የሚጎዳው እራት ነው። ምሳ ሱፐርማርኬት ውስጥ ሚል ዲል የሚሉት፣ ሳንድዊች ከመክሰስና ከመጠጥ ጋር፣ 4 ፓውንድ ገደማ ነው። ሬስቶራንት ውስጥ ግን ሒሳቡ ሥር 12.5 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ተጨምሮ ይመጣል፤ 18 ፓውንድ የተጻፈው ምግብ 20.25 ይሆናል። ይህ ጉርሻው ስለሆነ ሌላ አትጨምሩ፤ አገልግሎቱ ካላረካችሁ እንዲነሳ መጠየቅም መብታችሁ ነው። ውሃ ስታዙ «ታፕ ዋተር» በሉ፤ በነፃ ይመጣል። «ውሃ» ብቻ ካላችሁ የጠርሙስ ሊመጣና ሊከፈልበት ይችላል። ኪንግስ ክሮስ አካባቢ ከሆናችሁ ካሌዶኒያን ሮድ ላይ የሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉ፤ አንድ በያይነቱ ለሁለት ተካፍሎ ጥቂት እንጀራ ማስጨመር ሁለት ሳህን ፓስታ ከማዘዝ ብዙ ጊዜ ይረክሳል፣ ያጠግባልም። ካርድ ስትከፍሉ ማሽኑ «በዶላር ወይስ በፓውንድ?» ካለ ሁልጊዜ ፓውንድ ምረጡ። በራሳችሁ ገንዘብ ልክፈል ካላችሁ ምንዛሪውን ማሽኑ በራሱ ዋጋ ያደርገዋል።

ለመግቢያ ብዙ አታውጡ። ብሪቲሽ ሙዚየም፣ ናሽናል ጋለሪ፣ ቴት ሞደርን፣ የተፈጥሮ ታሪክና የሳይንስ ሙዚየሞች ቋሚ ትርዒታቸው ነፃ ነው። ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየምም ነፃ ነው፤ ዓርብ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ክፍት ስለሆነ ማታውን ለማሳለፍ ይመቻል። በ1868 ከመቅደላ የተዘረፈው የወርቅ ዘውድ በዚህ ሙዚየም እጅ ነው፤ ከአምባው የተወሰዱት የግዕዝ የብራና መጻሕፍት ብዙዎቹ ደግሞ ሴንት ፓንክራስ አጠገብ ባለው ብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ዕቃው በዕለቱ ለእይታ መቅረቡን በድረ ገጻቸው አይታችሁ ሂዱ። ለእኔ፣ ኢትዮጵያዊ ለንደን ሄዶ ይህን ሳያይ ቢመለስ ከታወር ትኬት ይልቅ የሚቆጨው ይህ መሆን አለበት። ዌስትሚንስተር አቤይ መግቢያው 30 ፓውንድ ገደማ ነው፤ ለማታው ጸሎት የሚመጣ ሰው ግን በነፃ ይገባል። ጸሎት ነውና ፎቶ አይነሳም፣ ወዲያ ወዲህም አይባልም።

ለሁለት ሰው፣ ሐሙስ ገብቶ እሑድ ለሚመለስ፣ ከአውሮፕላን ትኬቱ ውጭ እንዲህ ይያዝ፦ ክፍል በሌሊት 110 ተብሎ 330 ፓውንድ፤ ትራንስፖርት ከነሂትሮው 80፤ ምግብ ለአንድ ሰው በቀን 30 ታስቦ ለሦስት ቀን ተኩል 210፤ አንድ የሚከፈልበት ቦታ፣ ለምሳሌ ታወር፣ ለሁለቱ 70፤ ኢቲኤ 32። ድምሩ 722 ነው። በላዩ አሥር በመቶ መጠባበቂያ ስትጨምሩ 800 ፓውንድ ይጠጋል። መጠባበቂያውን በቡናና በቅርሳቅርስ አትንኩት፤ ቅዳሜና እሑድ የባቡር መስመር ለጥገና ስለሚዘጋ ለዚያ ያስፈልጋል። የትኛው መስመር እንደሚዘጋ ቀድሞ ይለጠፋል፤ ሐሙስ ማታ እዩት።

የመጨረሻው ቀን ላይ ሻንጣውን ሆቴሉ ያስቀምጥላችሁ፤ አብዛኞቹ አያስከፍሉም፣ ባቡር ጣቢያ ግን ለአንድ ሻንጣ 15 ፓውንድና ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ። የመልሱ በረራ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ስለረከሰ ብላችሁ አትቸኩሉ፤ በዚያ ሰዓት ለመድረስ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ባቡር አይደርስላችሁም፣ ታክሲ ደግሞ የቆጠባችሁትን ይወስደዋል። ትኬቱ አስቀድሞ ተገዝቶ ከሆነ ኤን 9 የተባለው የሌሊት አውቶቡስ መሀል ከተማ ካለው ኦልድዊች ተነስቶ በሀመርስሚዝ በኩል ሂትሮው ያደርሳችኋል፤ እሱም ያው 1.75 ፓውንድ ነው።