ጠብቆ ወይስ ላልቶ

የመጀመሪያ የራፕ ግጥሜን የጻፍኩት በእንግሊዝኛ ነው። ሽሮ ሜዳ ተቀምጬ፣ ብሩክሊንን በካርታ እንኳ ሳላውቀው፣ ስለ ብሩክሊን መንገዶች እደነፋ ነበር። አንድ ቀን አጎቴ በር ላይ ቆመው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። ጎጃም ሳሉ በፉከራ የታወቁ ሰው ናቸው። «ይኼ እኮ ፉከራ ነው» አሉኝ፤ «ፎካሪው ግን የማን ልጅ እንደሆነ አልተናገረም።»

ለብዙ ቀናት ተናድጄ ቆየሁ። በኋላ ሌሎች ምን እንዳደረጉ ማዳመጥ ጀመርኩ። እ.ኤ.አ. በ1989 ሴኔጋል ዳካር ላይ የተመሠረተው የራፕ ቡድን ፖዚቲቭ ብላክ ሶል በአገሩ ቋንቋ በወሎፍ ሲዘፍን፣ በ1990ዎቹ ራፐሩ ሬጂ ሮክስቶን ጋና አክራ ላይ በትዊ፣ የናይሮቢ ዳንዶራ ሰፈር ልጆች የካላማሻካ ቡድን ደግሞ በስዋሂሊ ቀጥለዋል። እኛም ዘንድ ቴዲ ዮ የጉራጌን ምት ከሂፕ ሆፕ ጋር አጋብቷል። ዘግይቼም ቢሆን ወደ አማርኛ ዞርኩ።

አማርኛ ቤት ለመምታት ቀላል ይመስላል፤ ወጥመዱም እዚያው ነው። ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ስንኞቼ ሁሉ «ሄድኩ፣ ቆምኩ፣ ደከምኩ» እያሉ አለቁ። ሦስተኛው ላይ ጆሮ ይሰለቻል። አዝማሪዎች የሚያደርጉትን አደረግሁ፦ ግሡን ወደ ውስጥ ገፍቼ ስሙን ዳር ላይ አወጣሁት።

ማልጄ ቆሜያለሁ ከታክሲ ሰልፍ ጫፍ፣
ደብተር ብብቴ ውስጥ እንደታሰረ ወፍ።

ይህ የወል ቤት ነው፤ ስድስት ቀለም (በአንድ ምት የሚነገር የድምፅ ቁራጭ)፣ ትንፋሽ፣ እንደገና ስድስት። የሂፕ ሆፕን አንድ ዙር ምት አሥራ ስድስት ቦታ ብንከፍለው አሥራ ሁለቱ በቃል ይሞላሉ፣ አራቱ ባዶ ይቀራሉ። መጀመሪያ ባዶዎቹን በ«እህ» እና በ«አዎ» እሞላቸው ነበር። ከዚህ ሁሉ ሥራዬ የማፍረው በዚህ ነው። ባዶው ቦታ የሚያስፈልገው ጠብቀው ለሚነበቡ ፊደላት ነበር።

ይህን ያወቅሁት ቀረጻ ላይ ነው። «እዚህ አገር ሰው ይበላል» የሚል ስንኝ ነበረኝ፤ ሁለት ጊዜ ይደገማል። መጀመሪያ ላልቶ ነው፦ ሰው ምግቡን ይበላል። ሁለተኛው ጠብቆ፦ ሰውየው ራሱ ምግብ ሆኖ ይበላል። ቀራጩ ግን «ለምን ደገምከው?» ብሎ ጠየቀኝ። ለማስደነቅ ብዬ ስለፈጠንኩ ጥብቀቱ ከከበሮው ሥር ተቀብሯል። አሥር ጊዜ ያህል ደጋግመን ቀረጽን። በመጨረሻ ከ«ሰው» በኋላ ዝም አልኩ፣ ከንፈሬን «በ» ላይ ገጥሜ ያዝኩት፣ ከበሮው ሲመታ ለቀቅሁት። ቀራጩ ሳቀ፤ ፊቱ ግን ወዲያው ተለወጠ።

ግጥሙን በወረቀት ጽፌ ለአጎቴ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና ጣታቸውን ስንኙ ላይ አሳረፉ።

«አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ጽፈሃል።»

«ጋሼ፣ ድምፅዎን አውጥተው ያንብቡት።»

የመጀመሪያውን አነበቡ። ሁለተኛው ላይ ሲደርሱ ቆሙ፣ በእግራቸው ወለሉን አንድ ጊዜ መቱ፣ ከዚያም አጥብቀው ለቀቁት፤ እኔ ለመማር አሥር ጊዜ የቀረጽኩትን በአንዴ።