የአራተኛው ምስክር ፊርማ

እናቴን በስትሮክ አልጋ ላይ ከዋለችበት ቀን ጀምሮ ስድስት ዓመት ያስታመምኳት እኔ ነኝ። ቤቱን ለእኔ መናዘዟን ወንድሜም እህቴም ያውቁ ነበር። ሆኖም ኑዛዜው ፈረሰ። የፈረሰውም የእናቴ አእምሮ ስላጠራጠረ ሳይሆን እኔ አንድ ሰው ለመጠበቅ ትዕግሥት ስላጣሁ ነው። አስቀድሞ የሚያስጠነቅቀኝ ባለመኖሩ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አርባዋ እንዳለፈ ለወራሽነት ማስረጃ ለከተማው ፍርድ ቤት አመለከትኩ። ወንድሜ ሲቃወም ክርክሩ ወደ ፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሄደ። መዝገብ መክፈት፣ ዳኝነት መክፈል፣ መጥሪያ ማድረስ ጊዜ ይፈጃል እንጂ አይከብድም። አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ብቻ “አባሪ ይጎድላል” እያለ ሦስት ጊዜ መልሶኛል። የጎደለውን ሁሉ በአንድ ቀን ቢነግረኝ ምን ነበረበት?

ኑዛዜው የተጻፈው እሑድ ጠዋት፣ እናቴ አልጋ አጠገብ ነው። እሷ እየተናገረች አንድ የጎረቤት ልጅ ጻፈ። ሦስቱ ምስክሮች ተቀምጠዋል፤ አራተኛው፣ አባባ የምንላቸው የእድራችን ዳኛ፣ ግን ከቅዳሴ አልተመለሱም። ቡናው ስለቀረበ “እናንብበውና እሳቸው ሲመጡ ይፈርማሉ” ያልኩት እኔ ነኝ። በአቦል ተነበበ፤ እናቴ አውራ ጣቷን አተመች፤ ሦስቱ ፈረሙ። እሳቸው የደረሱት በረካ ሲቀዳ ነው። ጸሐፊው “ልድገመው?” አለ። “አባባ ያውቁታል” አልኩት። ከደረት ኪሳቸው ጥቁር እስክሪብቶ አውጥተው ፈረሙ።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 881 በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ካልተነበበ፣ ይህ ሥርዓት መፈጸሙና ቀኑም በጽሑፉ ካልተመለከተ ፈራሽ ነው ይላል። የእኛ ወረቀት “በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ” ይላል። ያንን ቃል አምኜ ተኛሁ።

ጠበቃዬም ምስክሮቹን በረንዳ ላይ ሲያነጋግር አባባን የጠየቃቸው እናቴ ለማን እንደተናዘዘች ብቻ ነው። ሲነበብ የት እንደነበሩ አልጠየቃቸውም። በዚህ አሁንም ይቅር አላልኩትም።

የወንድሜ ጠበቃ ግን ወረቀቱን ከፍ አድርጎ “የሦስቱ ፊርማ ሰማያዊ ሆኖ የእርስዎ ለምን ጥቁር ሆነ?” አላቸው።

“ዘግይቼ ስለደረስኩ በራሴ እስክሪብቶ ፈረምኩ።”

ዳኛዋ ቀና አሉ። “ሲነበብ ሰምተዋል?”

አባባ ወደ እኔ አላዩም። “ክብርት ሆይ፣ ምያለሁና አልዋሽም። ሲነበብ አልነበርኩም። ሐሳቧን ግን ቀደም ብላ ነግራኛለች።”

ከዚያ በኋላ የተባለው ሁሉ ከጆሮዬ አልገባም። በሁለተኛው ቀጠሮ ኑዛዜው ፈራሽ ተባለ፤ ቤቱም ለሦስታችን እኩል ሆነ።

ቤት ውስጥ የተጻፈ ኑዛዜ እኩል ይጸናል፣ ሰነድ ማረጋገጫ መሄድ ግዴታ አይደለም ይሏችኋል። ሕጉ እንደዚያ ነው፤ እኔ ግን ሂዱ እላለሁ። በአንቀጽ 882 መሠረት ከምስክሮቹ አንዱ ሥራውን የሚያከናውን ውል አዋዋይ ወይም የፍርድ ቤት ዳኛ ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። ታማሚው መንቀሳቀስ ካልቻለ ባለሙያው ቤት ድረስ ይመጣ እንደሆነ ጠይቁ። እጁ የሚሠራ ሰው ደግሞ ሙሉውን በራሱ እጅ ይጻፍ፤ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ይግለጽ፤ በየገጹ ቀን ጽፎ ይፈርም፤ ምስክር አያስፈልገውም። የእናቴ ቀኝ እጅ ግን ከታመመች ጀምሮ አልታዘዘላትም። ምስክር ስትመርጡም ለማዕረጉ አትጨነቁ። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ፊርማ ከክፍሉ የማይወጣ ሰው ይሁን፤ አንዱ ቢዘገይ ቡናው ይቀዝቅዝ።

ለይግባኝ 60 ቀን ነበረኝ። ጠበቃዬ ጎተጎተኝ፤ እኔ ግን አባባን ዋሹ ማለት አልሆንልኝ ስላለ ተውኩት። በፋሲካ ድፎ ዳቦ ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ብዙ ዝም ካሉ በኋላ “ያን ዕለት ቅዳሴው ረዝሞ ነበር፣ ልጄ” አሉኝ።

“አውቃለሁ፣ አባባ” አልኳቸው።